ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይስ ክሎርታሊዶን?
ጅማ ውስጥ ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሽንት በማብዛት የሚሠራው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ክሎርታሊዶን ግን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራ ልብን ይበልጥ ይጠብቃል ተብሎ ለዓመታት ሲታመን ቆይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመውና ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 13,523 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን ያካተተው ጥናት፣ እንደ ስትሮክና የልብ ድካም ባሉ ከባድ ሕመሞች ረገድ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የፖታሲየም ማነስ ግን በክሎርታሊዶን 6.0፣ በሃይድሮክሎሮታያዛይድ 4.4 በመቶ ሆኗል። በዚሁ ጥናት ቀደም ሲል የልብ ጥቃት ወይም ስትሮክ ባጋጠማቸው ሰዎች የታየው የክሎርታሊዶን ብልጫ ገና መረጋገጥ ያለበት ፍንጭ ነው። ከዴዶ ወይም ከሰቃ ለደም ምርመራ ከተማ ድረስ ለሚመላለስ አዛውንት የፖታሲየም ክትትል ቀላል አይደለምና፣ የተስማማውን መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት ማስቀየር ተገቢ አይመስለኝም።