ለሽሮ ሜዳው ሳይክል ሠሪ ጋሼ፦ እጅዎ ይባረክ

ሳይክል የምትነዱ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ የምትወጡ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አንድ ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ። ለእናንተም ልጠቁማችሁ።

ሽሮ ሜዳ፣ ከሀገር ባህል ልብስ ሱቆቹ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለች። በሯ ላይ አሮጌ ቸርኬ ተሰቅሏል። ሌላ ማስታወቂያ የላትም። እዚያ የሚሠሩትን ሰው ሰፈሩ «ሳይክል ሠሪው ጋሼ» ይላቸዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን ላወጣ ብዬ ፈቃድ ጠይቄያቸው ነበር። «ሥራው ካስደሰተሽ ሰፈሩን ንገሪ፣ ይበቃል» አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሽሮ ሜዳ ደርሳችሁ ልብስ ሻጮቹን ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። በዘይት የሚሠራው የኋላ ፍሬኔ ላላብኝ። እጀታውን ስጨብጠው እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል። አንድ ሌላ ቦታ ወስጄ አሳየኋቸው። «ዘይት ጎድሎታል» ብለው ሞሉልኝ። በዚያው «ሰንሰለቱም፣ የኋላ ማርሹም፣ የፊት ጥርሱም አልቋል፣ ሁሉንም ባንዴ ለውጪ» አሉኝ። የነገሩኝ ዋጋ አስደነገጠኝና ለጊዜው የፍሬኑን ብቻ ከፍዬ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጣን። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መውጣት ልማዴ ሆኗል። ቦታው ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሳይክል ላይ ያለ ጉድለት የሚታወቀው ግን ቁልቁል ሲወርዱ ነው። መውረድ እንደጀመርን ሳይክሉ ከበደኝ። ቁልቁለት ላይ ሳይክል እንዴት ይከብዳል? ቆሜ ሳየው የኋላው ፍሬን አልለቀቀም። እጀታውን ትቼዋለሁ፣ ሸራው ግን ከቸርኬው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ ዲስኩን፣ እንደነከሰ ነው። እጄን ወደ ዲስኩ ሳስጠጋ ወላፈኑ ይሰማኛል። ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጌው እንደገና ስነሳ ደግሞ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ገባ። የኋላ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

መሬቱ ጭቃ ነው። በላዩ ላይ እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል አለ። የፊቱ ፍሬን ባይኖር ምን እሆን እንደነበር አሁንም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ወረድኩና እየገፋሁ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። አንዲት ነጠላ የሚሸጡ እናት አይተውኝ፣ «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በይ ነይ» ብለው ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው እስከ ጋሼ በር ወሰዱኝ። እሳቸውንም እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ ሳይክሉን ከመንካታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «መጨረሻ የነካው ማነው? ምን አደረገበት?» ዘይት እንደተሞላ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆ አመጡና ግማሹን ውሃ ሞሉት። ከፍሬኑ ጥቂት ዘይት በመርፌ ስበው ውሃው ላይ ጠብ አደረጉት። ዘይቱ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ቀጥለው ከራሳቸው ጠርሙስ ሮዝ ቀለም ያለው ዘይት በሌላ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ አደረጉ። ያኛው ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ።

«አየሽ ልጄ፣ ያንቺ ፍሬን የሚፈልገው ይሄን የሚንሳፈፈውን ነው። ሚኒራል ኦይል ይባላል። የገባበት ግን የመኪና የፍሬን ዘይት ነው። ውስጥ ያለው ጎሚኒ ይሄን ሲጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን አይመለስም። ለዚህ ነው ነክሶ የቀረው። ነክሶ ሲቆይ ጋለ፤ ሲግል ውስጡ ያለው ፈላና እንፋሎት ሆነ። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎትና አየር ግን ይጨመቃል። እጀታው እስከ መሪው የገባው ለዚያ ነው።»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ገባኝ። አምስት ዓመት ሳይክል ስነዳ ማንም እንዲህ ብሎ አስረድቶኝ አያውቅም። አንዳንድ ፍሬኖች ደግሞ በተቃራኒው ዶት የሚባለውን፣ የመኪናውን ዓይነት የፍሬን ዘይት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ብዙ ጊዜ የትኛውን እንደሚፈልግ እጀታው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዘይት ከማስሞላታችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

«እንጠበውና ትክክለኛውን ዘይት እንሙላበት?» አልኳቸው። «አይሆንም። ያበጠ ጎሚኒ አይመለስም። ፍሬን ላይ ሙከራ የለም» አሉ። እሳቸው ጋ ለእኔ የሚሆን አልነበረም። የሚመሳሰል አንድ አሮጌ ፍሬን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፣ እኔም በዚያ ሰዓት የተባልኩትን ከመክፈል አልመለስም። «ይሄ የዘይት መስመሩ አጭር ነው፣ መሪሽን ስታዞሪ ይወጠራል» ብለው መልሰው ሰቀሉት። በዚህች አንዲት ነገር አመንኳቸው።

ከዚያ ወረቀት አወጡና ምን እንደምገዛ ጻፉልኝ። የኋላ ፍሬን፣ በቀኝ እጅ። የዘይቱ መስመር በፍሬሙ ላይ ተለክቶ 1.6 ሜትር። የካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን የሚይዘው ክፍል፣ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ርቀት 74 ሚሊ ሜትር። ዲስኩ 160 ሚሊ ሜትር። ዘይቱ ሚኒራል። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ልትመጣ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ሱቁ ገብታ ያንን አሳየች፣ ትክክለኛውን ይዛ መጣች። ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች፣ የሳይክሉን ስም ብቻ ነግራችሁ አትላኩ። ያንኑ ስም የያዘ ሳይክል በየዓመቱ ዕቃው ይለወጣል። ልኩን ላኩ።

ፍሬኑ ሲመጣ ጋሼ ገጠሙት፣ አየሩን ጠብታ በጠብታ አስወጡት። እዚያው የአሮጌውን ዲስክ ውፍረት ቨርኒየር በሚባለው መለኪያ ለኩት። 1.6 ሚሊ ሜትር ነበር። አዲስ ሲሆን 1.8 ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። «ገና ነው፣ ግን ክረምቱን ሲጨርስ ነይና እንለካዋለን» አሉ። ሸራውን በተመለከተ ለጭቃ የሚበረክተውን የብረት ሸራ ፈልጌ ነበር። ዲስኩን አዙረው ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ አሳዩኝ። «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» ይላል፣ የሬዚን ሸራ ብቻ ማለት ነው። እንዲህ የተጻፈበት ዲስክ የብረት ሸራ አይችልም፣ ቶሎ ይበላል። ሬዚኑን አስገቡልኝ። ጭቃ ላይ ቶሎ እንደሚያልቅም አልደበቁኝም፤ ክረምቱን በየሁለት ሳምንቱ እንዳየው ነገሩኝ።

ጨርሰው ወደ ቤት አላሰናበቱኝም። ሜዳ መንገድ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ፈጠን ብዬ ቀስ በቀስ እንድይዝ አደረጉኝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲህ ካልተላመደ በደንብ አይዝም። እሳቸው በር ላይ ቆመው እየቆጠሩ ነበር።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። «ሁሉንም ለውጪ» የተባልኩትን ነገርኳቸው። ምንም አልተናገሩም። የብረት ማስመሪያ አመጡና ሰንሰለቱ ላይ አስተኙት። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተው እስከ 25ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ሰንሰለት እዚህ ላይ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኔ 30.7 ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ጥርሱን ከቦታው ውጭ ነው የሚይዘው፣ ጥርሱንም እየሞረደ ይሄዳል። ከኋላ ከ8 እስከ 10 ማርሽ ላላቸው ሳይክሎች 30.7 ላይ ሰንሰለቱን መቀየር ነው። 11 እና 12 ማርሽ ላላቸው ሰንሰለቱ ቀጭን ስለሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 30.63 ገደማ ላይ።

«ልክ በሰዓቱ መጥተሻል። ሰንሰለቱን ብቻ ለውጪ» አሉኝ። ለ10 ማርሽ የሚሆን ሰንሰለት አስገቡና ራሳቸው ዳገቱን ነዱት። በየማርሹ ቆመው እየረገጡ ሞከሩት። የትኛውም ጥርስ ላይ አልዘለለም። ጥርሱ አልቆ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ሰንሰለት እየዘለለ ያስቸግር ነበር። ከተባልኩት ዋጋ ሲሶውን እንኳ አላወጣሁም። ብሩ ብቻ አይደለም ግን። እንዴት እንደሚለካ ስላሳዩኝ አሁን በወር አንዴ ራሴ እለካለሁ።

እዚያ ሆኜ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሳይክሌን ስጠብቅ የ14 ዓመት ልጅ የሚሆን መጣ። ሳይክሉ ርካሽ ነው፣ 7 ማርሽ፣ የኋላው ጥርስ አልቋል። ገንዘብ አጠራቅሞ 10 ማርሽ ሊያስገባበት ነው። ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጡት። ጎማውን ፈተው የቸርኬውን መሃል፣ ሞዞውን፣ አሳዩት። «ያንተ ጥርስ እንደ ዳዶ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው። የምትለው ባለ 10 ጥርስ፣ ካሴት የሚባለው፣ ደግሞ ቦይ ባለው ሞዞ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚገባው። እሱን ለመግጠም ሞዞውን፣ ማርሽ መቀያየሪያውን፣ እጀታውን ሁሉ ልትገዛ ነው። ተው ልጄ።» ተጠምዝዞ የሚገባ ባለ 7 ጥርስና ሰንሰለት አስገቡለት። በተረፈው ገንዘብ ሄልሜት እንዲገዛ አዘዙት። ለእኔ የሰጡትን ጊዜ ሳያሳጥሩ ለእሱም ሰጡት።

ስለ አጠባበቅ ብዙ ነግረውኛል። ከሁሉም የጠቀመኝ ስለ ላቫጆ የነገሩኝ ነው። ከእንጦጦ ስንወርድ ሳይክላችንን ላቫጆ አስገብተን በግፊት ውሃ እናስጠርገው ነበር። ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ግን ያ ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥባል። የእኔ የፔዳሉ ኩሽኔታ ሲዞር እንደ አሸዋ የሚያንኮሻኩሸው ለዚህ ኖሯል። አሁን ባልዲ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ነው የምጠቀመው። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ትርፉን ጠረግ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይሆንም፤ አቧራ እየሰበሰበ ሞረድ ይሆናል። ጋዙም ሆነ ዘይቱ ዲስኩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ሸራው አንዴ ዘይት ከጠጣ አይዝም።

ጎማም ልትገዙ ከሆነ «29» ወይም «26» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ባለ ሰረዝ ቁጥር ተመልከቱ። 57-622 ካለ 57 ስፋቱ ነው በሚሊ ሜትር፣ 622 ደግሞ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ልክ። 29 የሚባለው 622 ነው፣ 27.5 የሚባለው 584፣ 26 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 559። መርካቶ ስትሄዱም አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የኋላ ማርሽ መቀያየሪያው የሚታሰርባትን ትንሽ ብረት፣ ጋሼ «ጆሮ» የሚሏትን። በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ቅርጽ አላት። በቃል አስረድታችሁ አታገኟትም።

ለሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበትን ልንገራችሁ። ጋሼ አይቸኩሉም። ሰው ከበዛ ሳይክላችሁን አሳድረው ነው የሚሠሩት። በወሩ 21፣ ማርያም ቀን፣ አይከፍቱም። የዕቃውንና የእጃቸውን ዋጋ ለየብቻ ጽፈው ነው የሚሰጡት፣ አሮጌውንም ዕቃ በፌስታል ያስረክቧችኋል። ለእኔ ፍሬኑን ለመግጠምና አየሩን ለማስወጣት 800 ብር ነው የተቀበሉኝ። የሰንሰለቱን ሲሠሩልኝ የዕቃውን ብቻ ተቀበሉ። «መለካቱን ተምረሻል፣ ለጓደኞችሽ አስተምሪ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ያን ቀን ሲጨንቀኝ አረጋግተው፣ የማላውቀውን አስተምረው፣ የማያስፈልገኝን አትግዢ ብለው መልሰውኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለሳይክል ጥርስ መጥረጊያ ያሉኝን አሮጌ የጥርስ ብሩሾች ከቤትም ከቢሮም ሰብስቤ አሥራ አንድ ደርሰውልኛል። ቅዳሜ ከእንጦጦ ስወርድ ይዤልዎት እመጣለሁ።