ከድሬ እስከ ዛንዚባር፤ ምስጋናው ለከዚራዋ ልጅ

ድሬዎች እንዴት ናችሁ? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ የሰው ልጅ ልደት ሲለጠፍ «እደጊ» ብሎ ከማለፍ በቀር ብዙ የመጻፍ ልማድ የለኝም። እኔንና ባለቤቴን የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ድረስ የላከችንን ይህችን የከዚራ ሰፈር የጉዞ ወኪል ግን ዝም ብዬ ባልፋት ህሊናዬ አይለቀኝም።

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 15 ዓመት ሞላን። ጫጉላችን ሀረር እናቱ ቤት ሁለት ቀን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ጅቡቲ ተመላልሶ ስለ ባህር ያወራልን ነበር። እኔ ግን እዚሁ አፍንጫችን ስር ያለውን ባህር ሳላይ 43 ዓመት ሞላኝ። ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርሰን ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ማደስ ፈለገ፣ እኔ ባህር አልኩ። ወጥ ቤቱ እንዳለ አለ።

መጀመሪያ የሄድነው ሌላ የጉዞ ወኪል ጋ ነበር፤ ማን እንደሆነ ተዉት። ስልኩ ላይ ሰማያዊ ውሃ አሳየንና «ክፍላችሁ ከባህሩ 20 እርምጃ ነው» አለን። ለፋሲካ ሰሞን ሊይዝልን፣ ግማሹን ዛሬ ካልከፈልን ነገ ዋጋው እንደሚጨምር ነግሮ አጣደፈን። ባለቤቴ የሚያጣድፈውን ሰው አይወድም። ሰውየው የጻፈልንን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና «እናስብበት» ብሎ ወጣ።

ጎረቤታችን ናት ወደ ከዚራዋ ልጅ የላከችን። ቢሮዋ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ሦስት ወንበር ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ «ባህሩን ማየት ነው የፈለጋችሁት ወይስ መግባት?» አለችን።

«ለማየትማ ቴሌቪዥን አለ» አላት ባለቤቴ።

«መዋኘት ትችላላችሁ?»

ተያየን። እሷ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ወረቀቱን ገልብጣ በእስክሪብቶ ደሴቱን ሳለችልን፤ ረዘም ያለ ድንች ይመስላል። የተባለው ሆቴል በምሥራቅ ዳርቻ ነው። እዚያ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ። «20 እርምጃው ሲሞላ ነው እትዬ፤ ሲጎድል ውሃውን ፍለጋ በእግር ነው የምትሄዱት፣ ያውም የባህር ጃርት እንዳይወጋችሁ የጎማ ጫማ አድርጋችሁ።» ሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ጋ ግን ውሃው ያን ያህል ስለማይርቅ በፈለጋችሁ ሰዓት ትገባላችሁ አለችን። ፋሲካ ሰሞን ደግሞ እነሱ ጋ ትልቁ ዝናብ ነው፤ ማሲካ ይሉታል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ባለቤቴ «ፋሲካን ጥለን ማሲካ ልንገባ ነበር!» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራት። እሷ ሐምሌን መረጠችልን፤ የእኛ ክረምት ለእነሱ ደረቅ ወቅት ነው።

ልብ በሉ፤ ገንዘብ ይዘን የገባን ሰዎች ነን። የዚያኑ ቀን መሸጥ ስትችል ከሦስት ወር በኋላ ኑ ብላ መለሰችን።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እንደኛ የማያውቅ አይጠፋም። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ቢጫ ካርዱም ሲደርሱ ይጠየቃል። ዛንዚባር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአንድ ሰው 44 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ይከፈላል። ባሌ ታይዋን ገበያ ተከራክሮ የማያስቀንሰው ዕቃ የለም፤ 44ቱን ዶላር ግን ማንን ይከራከር? ቪዛውንም እሷው ተከታትላ አስጨረሰችልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የጉዞው ቀን ንጋት ላይ ድሬ ኤርፖርት ደርሰን ቦርሳ ስፈትሽ የባለቤቴ ቢጫ ካርድ የለም። የኔው አለ። ሦስቴ ገለበጥኩት። ትናንት ማታ «እኔ ራሴ እይዘዋለሁ» ብሎ ከእጄ የወሰደው ሰውዬ ቆሞ ጣሪያ ያያል። ደወልኩላት፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም፤ «ቤት ማን አለ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ልጃችንን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ፣ ፍሪጅ ላይ ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተቀምጦ የነበረውን ካርድ ይዛ በባጃጅ መጣች። ከነሽቲዋ ነው የመጣችው፣ ነጠላ ጣል አድርጋበት፣ አንዱ ነጠላ ጫማ ሰማያዊ ሌላው ቀይ። የባጃጁን ሂሳብ ልስጥሽ ብላት «ግቢ፣ ግቢ፣ ይዘጋል» ብላ ገፋችኝ። እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም። እኔ ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለ ባህር ላወራ አይደለም፣ ስለዚያ ሰማያዊና ቀይ ጫማ ነው።

ስለ ባህሩም ግን ዝም አልልም።

ሁለት ሌሊት ድንጋይ ከተማ በሚሉት አሮጌው ሰፈር አደርን። «ጀጎልን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም» ብላን ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ጠፋን። መንገዱ ግን እውነትም ዘመድ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ የሚነካካበት፣ ከየግቢው የቅመም ሽታ የሚወጣበት፣ ባለ ቅርጽ እንጨት በሮቹ ላይ የናስ ጉጦች ተመትተው። ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናቸው፤ የእነሱ በ2000፣ የእኛ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ.። የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታም ሄድን። ገበያው በ1873 ተዘግቶ ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ የድንጋይ ሰዎች አሉ፣ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት። ባለቤቴ ከዚያ ወጥቶ እስከ ምሳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

የመደበችልን ሾፌር ጠና ያለ ሰው ነው፤ «ትልቅ ሰው ምዜ ነው የሚባለው፣ በስሙ እንዳትጠሩት» ብላ አስጠንታን ነበር። እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ ባለቤቴ ጋቢና እቀመጣለሁ ብሎ ቀጥታ መሪው ላይ ወጣ። ሌላው ያስደነቀኝ ሰዓታቸው ነው። «ነገ ሳ ምቢሊ እመጣለሁ» ሲለን ባለቤቴ የፈረንጁን ሰዓት በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ለካ ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት ነው፣ የእኛው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት! ስዋሂሊዎችም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ከዚያ በኋላ ከምዜ ጋር ሰዓት ስንቀጣጠር ስሌት ቀረ።

የቅመም እርሻ ወሰደን። ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ ሄሉን፣ እርዱን በሽታ ብቻ ለየሁና ምዜ አጨበጨበልኝ። ገውዝ ላይ ተሸነፍኩ። ለካ ፍሬው ኮክ ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ጥቁር ለውዝ ደማቅ ቀይ መረብ ለብሷል፣ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ቅመም ውስጥ ስጨምረው ይሄን ልብስ ለብሶ እንደሚወለድ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ነበርን፣ ባህሩ ዳር ዓሣ እየተጠበሰ፣ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ እየተጨመቀ።

በሦስተኛው ቀን ኑንግዊ። እንዳለችው ነው፣ ጠዋትም ከሰዓትም ውሃው እዚያው አለ። ባለቤቴ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባና፣ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ቀድቶ ቀመሰ። ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እውነትም ጨው ነው!» 48 ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረውም መሰለኝ። እኔ አባቴ ትዝ አለኝና ትንሽ አለቀስኩ፤ ጨው በጨው ላይ ማን ያየዋል።

ዶልፊን ማየት ፈልገን ከዚያው ደወልንላት። «ኪዚምካዚ ይወስዷችኋል፣ ግን ጀልባው በዝቶ እንስሳቱን ያሳድዷቸዋል፤ እኔ አልሸጠውም» አለች። በምትኩ ምዜ ምሥራቅ ዳርቻ ፓጄ ወሰደን፣ ውሃው በሸሸበት ሰዓት። እውነትም ባህሩ ጠፍቷል! ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እርጥቡ አሸዋ ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ የባህር ሣር ያመርታሉ። አንዷ ገመዱን አስያዘችኝ፤ ያንሸራትታል፣ ይከብዳልም። ያኛው ሰውዬ 20 እርምጃ ያለው ሆቴል እዚያው አካባቢ ነበር።

ጉድለቷን ካልተናገርኩ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። የድምፅ መልእክቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ አንዷን ለመጨረስ ቡና ማፍላት ይበቃል። የሆቴሉ ቁርስም ከነገረችን ያነሰ ነበር፤ ስንመለስ ነግሬያት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ዋጋዋ ደግሞ ከገበያው ርካሹ አይደለም፤ ከምን ምን እንደተሠራ ግን መስመር በመስመር ጽፋ ነው የምትሰጠው።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጥልም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት እልክላችኋለሁ። ብቻ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት አትደውሉላት፤ የድሬ ልጅ ናት፣ አታነሳም።