ከከፈላችሁ በኋላ ዕቃውን ከእጃችሁ አትልቀቁት!

ይህን የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዛሬ ጠዋት ኪሴ ውስጥ 380 ዶላር ነበረ። አሁን ፊቴ ያለው የመዳብ ቀለም የተረጨበት ፕላስቲክ ነው። ጣቴም መዳብ መስሏል፤ ቀለሙ በቅጡ እንኳ አልደረቀም።

እዚህ ሜሪላንድ እሁድ እሁድ ሜዳ ላይ ድንኳን ዘርግተው አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን ሽማግሌዎች ታውቋቸዋላችሁ። ፂሙ ነጭ፣ ሱሪው በትከሻ ማንገቻ የተያዘ፣ ድምፁ እንደ ንስሐ አባት የለሰለሰ። ዕቃው ሁሉ "ከአያቴ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘ" ነው። የስፌት መኪናውም፣ ሰዓቱም፣ የወተት ጠርሙሱም። አያትየው ስንት ቤት እንደነበራቸው እግዜር ይወቀው።

እኔ የድሮ የጨረር ሽጉጥ እሰበስባለሁ። ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ። የልጆች መጫወቻ ነው። የ25ኛው ክፍለ ዘመን ጀግና፣ ባክ ሮጀርስ፣ በጋዜጣ ሥዕሎች ላይ ይዞት ይታይ የነበረው ዓይነት። ሚሺጋን ፕሊመዝ የነበረው የዴዚ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 የመጀመሪያውን ሽጉጥ በ50 ሳንቲም ሲያወጣ፣ ኒው ዮርክ ሜሲስ መደብር በር ላይ ሰው ተሰልፎለታል። ያውም አሜሪካ ሥራ አጥ በሞላባት ዘመን።

በዓመቱ ኤክስ ዚ 38 መጣ። ስሙ "ዲስኢንቲግሬተር"፤ የመታውን ሁሉ ብናኝ የሚያደርግ ማለት ነው። ሥራው ግን እንደ ላይተር ድንጋይ ተፋትጎ በትንሿ መስኮት ብልጭ ማለት ብቻ። (በዚያው በ1935 ጣሊያን እኛ ላይ የመጣው ይህን ይዞ ቢሆን ኖሮ!) ቀጥሎ ደግሞ "ፈሳሽ ሂሊየም" የሚል ስም ያለው ወጣ፤ የሚረጨው የቧንቧ ውሃ ነው። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የአቶም ቦምብ የሰው ሁሉ ወሬ ሲሆን "ዩ 235 አቶሚክ ፒስቶል" የሚባል ሸጡ። ስሙ ከተማ ያጠፋል፣ እሱ ትንኝ አይገድልም። እኔ ይህን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው የምወደው። ለካ ውሸት መውደዴ ግንባሬ ላይ ተጽፏል!

ኤክስ ዚ 38ቱን ገና ከሩቅ አየሁት። በአንድ የሻይ ሳህንና በተሰበረ ራዲዮ መሀል ተጋድሟል። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አጠፋሁት። የምናለሽ ተራ ልጅ አይደለሁ? መጀመሪያ ሳህኑን አነሳሁ፣ ራዲዮውን ነካካሁ፣ ከዚያ ድንገት ያየሁት መስዬ "ይሄስ ምንድን ነው?" አልኩ።

በደንብ አየሁት። ከቤት ከፍሪጅ በር ነቅዬ የመጣሁትን ማግኔት ሳስጠጋው ጥብቅ አለ፤ የብረት ላሜራ ነው። እጀታው አጠገብ ትንሽ ጭረት አለችው፣ እንደ "ሀ" የመሰለች። ቃታውን ሳብኩ። ጭርር... ብልጭ! ዘጠና ዓመት ያለፈው ነገር! 420 አለ፣ ተከራከርን፣ "ጥሬ ገንዘብ ከሆነ 380" አለ። ቆጥሬ ሰጠሁት። ሽጉጡ እጄ ላይ ነበር። እጄ ላይ!

"ቀለሙ እንዳይላጥ በጋዜጣ ልጠቅልልህ" አለኝ።

ሰጠሁት።

እሱ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ሲል ሚስቱ ከወዲያኛው ወንበር "አገርህ የት ነው?" አለችኝ። ኢትዮጵያ ስላት ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ኦ! ቡና!" አለች። እኔም ዞርኩ። ሙሉ በሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ዞርኩ። ስለ ከፋ ነገርኳት፣ ስለ ይርጋጨፌ ነገርኳት፣ አቦል ቶና በረካን በጣቴ ቆጠርኩላት። ሦስተኛው ጣቴ ላይ ስደርስ ከጀርባዬ የጋዜጣ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። አሁን ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ድምፅ ነው። ስዞር ጥቅሉ በክር ታስሮ፣ ያውም ቋጠሮው አምሮ፣ ተዘርግቶልኛል። "መልካም ዕድል" አለኝ። ዕድል!

መርካቶ ውስጥ ሞባይል ብሎ ሳሙና ጠቅልሎ የሚሰጠውን ልጅ አውቀዋለሁ። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሁሉ "ሲጠቀልል ዓይንህን እንዳትነቅል" ብዬ የምመክረው እኔ ነኝ። እዚህ ግን ነጭ ፂም አይቼ አጎነበስኩ። ፈረንጅ ሽማግሌ አይሰርቅም ያለኝ ማን ነው?

ቤት ደርሼ ክሩን ፈታሁ። ገና ሳነሳው ቀለለኝ። ማግኔቱን ሳስጠጋ መሬት ወደቀ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ወደቀ። ቃታው አይሳብም፤ መስኮቷም መስኮት ሳትሆን በቀለም የተሣለች ናት። ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው እኮ! ጠረጴዛው ሥር ስንት እንዲህ ያለ እንደተደረደረ አስቡት።

መኪናዬን አስነስቼ ተመለስኩ። ዕቃ እየሰበሰቡ ደረስኩባቸው። ሰውዬው ቀና ብሎ አይቶኝ "ከዚህ በፊት ተገናኝተናል?" አለኝ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሚስትየዋ ከመኪናው ኋላ ብቅ አለችና በደስታ እጇን አውለበለበችልኝ፤ "ኦ! ባለቡናው!"

እሱ አላፈረም። ካርቶን ላይ የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። የኔ ሽጉጥ፣ "ሀ" የምትመስለው ጭረት ያለችበት፣ እዚያው ከራዲዮው አጠገብ ተጋድሟል። ይሄ የኔ ነው አልኩት። አነሳው፣ ወደ ደረቴ አዞረው፣ ቃታውን ሳበ። ጭርር፣ ብልጭ። "ይሄ እኮ ይሠራል" አለኝ። "ይሄ 420 ነው።"

ደረሰኝ የለኝ፣ ፎቶ አላነሳሁ። ምን ብዬ ለማን እከሳለሁ?

በቃ፣ የምትገዙ ካላችሁ፦ ሳትከፍሉ ፎቶ አንሱት፤ ከከፈላችሁ በኋላ ሳታስጠቀልሉ ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔትም ሁልጊዜ አይፈርድም። ሀብሊ የሚባለው የመጫወቻ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ያወጣው አቶሚክ ዲስኢንቲግሬተር ለምሳሌ በቀለጠ ዚንክ የተሠራ ስለሆነ እውነተኛውም ማግኔት አይስብም። ስለ ቡና የጠየቃችሁን ደግሞ ዕቃውን እንደያዛችሁ መልሱለት።

ባለቤቴ ራት አልበላም ስላልኩ ተገርማለች። በ80 ዶላር ነው የገዛሁት ብያት ነበር። እውነቱን እንዳልናገር አፌን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ልጄ ያንን ፕላስቲክ ይዞ "ጭርር" እያለ በአፉ ይተኩስብኛል፤ እሷ ከወጥ ቤት "ለ80 ዶላር ብሎ እንዲህ የሚሆን ሰው ዛሬ ገና አየሁ!" ትላለች።