ስናፒንግ ወይስ ስላይደር፦ የትኛውን ኤሊ ከትንሽነቱ እናሳድግ?

አሜሪካ ውስጥ ኤሊ ማሳደግ ለሚያምረው ሰው ሁለት ምርጫ ላንሳ፦ ነካሹ ስናፒንግ እና ጆሮው ግድም ቀይ መስመር ያለው ስላይደር። ከእንቁላል ሲወጡ ሁለቱም 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ያኔ ሁለቱም ያሳሳሉ!

ሲያድጉ ነው ጉዱ። ስናፒንግ ከ10 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ቤት ያለው የመስታወት ገንዳ አይበቃውም። የሆዱ ቅርፊት ትንሽ ስለሆነ እንደ ስላይደር ሙሉ በሙሉ መሸሸግ አይችልም፤ መከላከያው መንከስ ነው። አንገቱም ረጅም ነው፣ ጎኑን ይዣለሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በጅራቱ ማንጠልጠል ደግሞ አከርካሪውን ይጎዳል።

ስላይደር ደረቅ መውጫና የሚሞቅበት መብራት የግድ ይፈልጋል። ስናፒንግ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ነው።

ሁለቱም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ እጅ መታጠብ አይረሳ። እኔ ስላይደርን እመርጣለሁ፤ እሱም ቢሆን 30 ዓመት ሊኖር ይችላል።