በስልክ የሚታዘዝ የቦይለር መቆጣጠሪያ ለደሴ ቤት ይሆናል?

ዕቃው ጥሩ ነው። ከሳጥኑ እንደወጣ ግን ለደሴ አይሆንም። ሴቲንጉን የሞሉት ሰዎች መብራት የማይሄድበት፣ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት፣ ውሃ በፈረቃ የማይመጣበት ሰፈር አስበው ነው የሞሉት። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ ካስተካከላችሁት በኋላ ግን መኖሩንም ትረሱታላችሁ፤ ለእኔ የጥሩ ዕቃ ምልክቱ ይሄ ነው።

የማወራው በዋይፋይ ከስልክ ጋር ስለሚገናኝ የቦይለር መቆጣጠሪያ ነው። መጠኑ ከተራ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ስክሪን አለው፣ 20 አምፔር ይሸከማል፣ ከጎኑ ደግሞ ሙቀት የሚለካ ቀጭን የሴንሰር ገመድ ይወጣዋል። ቻይና ሠራሽ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም የፋብሪካው ይሁን የአስመጪው አይታወቅም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት የዛሬ ወር ውሸት ይሆናል።

ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ ጦሳ ተራራ ሥር አላደረም ማለት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጠዋት ቧንቧ ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሌላ አገር ነው፤ እዚያ ያለ ጓደኛዬ ቦይለሩን የሚያበራው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሰዓቱም ያስቸግራል። እማዬ ለሱብሂ (ለንጋት ሶላት) ስትነሳ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለመታጠብ) የሞቀ ውሃ ትፈልጋለች። ስለዚህ ወይ ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል፣ ወይ አንድ ሰው በሌሊት ተነስቶ ያበራዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ መቼም ይገባችኋል።

ሻጩ «ቆጣሪህን በግማሽ ነው የሚቀንስልህ» አለኝ። አትመኑ። 50 ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በስልክ አዘዛችሁት፣ በጣታችሁ ተጫናችሁት፣ ያው ነው። የሚቀንሰው ሌላ ነገር ነው። ማንም ሳይነካው የቀዘቀዘውን ውሃ ቴርሞስታቱ (የቦይለሩ የራሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ) ደጋግሞ ሲያሞቅ የሚባክን አለ፣ ቦይለሩ ሌት ተቀን ከበራ በዚህ ብቻ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ሊሄድ ይችላል። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ቅናሽ አለው፣ ግማሽ ግን አይደለም።

ገጠማውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡት። ከመግዛታችሁ በፊት ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) መምጣቱን አስዩ፤ ብዙ ድሮ የተሠሩ ቤቶች ላይ እዚያ የሚደርሰው ፌዝ (መብራት የሚያመጣው ሽቦ) ብቻ ነው፣ ይሄ ሳጥን ደግሞ ያለ ኒውትራል አይነሳም። የእኛው ኤሌክትሪሺያን ግድግዳውን ከፍቶ አየና «አብሽር፣ አለው» አለ፣ ተገላገልን። ሴንሰሩ የሚገባው ከቦይለሩ ሥር ያለው ክዳን ተፈትቶ ከቴርሞስታቱ አጠገብ ነው። የቦይለሩን የራሱን ቴርሞስታት ነቅለን በዚህ እንተካው የሚላችሁ ባለሙያ ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። ያ ቴርሞስታት የደህንነት ዕቃ ነው፣ ይሄኛው ሲበላሽ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው እሱ ነው።

አሁን ወደ አፑ። መጀመሪያ ስትከፍቱት 140 የሚል ቁጥር ያያችሁ እንደሆነ አትደንግጡ፣ በፋራናይት ነው፤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ቀይሩትና 60 ላይ ተዉት። ብዙ ሰው ለቁጠባ ብሎ 45 ያደርገዋል፣ እኔ አልመክርም። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ 60 ላይ ይሞታል። የግድ ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ወደ 60 የሚያወጣውን ሴቲንግ ያብራ፤ አለው፣ ግን ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። 60 ዲግሪ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላልና ልጅ ያለበት ቤት ቀዝቃዛውን መጀመሪያ መክፈት ይልመድ።

ቀጥሎ የቦይለሩን የራሱን ማዞሪያ እዩ። እሱ 55 ላይ ከተቀመጠና አፑ 60 ከተባለ ውሃው 60 በጭራሽ አይደርስም፣ አፑም «እያሞቀ ነው» እያለ ይከርማል። የቦይለሩን ወደ 65 ወይም 70 ከፍ፣ የአፑን 60። ሌላው፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ሲቀንስ እንደገና ይነሳ የሚለው ቁጥር ነው። ሲመጣ 1 ነው። በዚህ ከተዋችሁት ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል፣ ውስጡ ያለው ሪሌም (የሚያበራው የሚያጠፋው ክፍል) ቶሎ ያልቃል። 5 አድርጉት።

ሰዓቱ ላይ ነው ጉዱ። አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት እንዲበራ የፈለገ ሰው 3:00 ነው መጻፍ ያለበት፤ 9:00 ብሎ የጻፈ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማንም በሌለበት ቤት ውሃ ያሞቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሰዓት ቀጠናው የቻይና ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ሁሉም ነገር በአምስት ሰዓት ይዛነፋል። ፕላስ 3 መሆኑን አረጋግጡ። ጂዳ ያለው ወንድሜ አፑን በስልኩ ተጋርቶታል፣ ደግነቱ ጂዳና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ነው። ችግሩ ስንናፍቀው ቦይለር ማብራቱ ነው። ለሚጋራ ሰው «ማየት ብቻ» የሚል ምርጫ አለ።

የእኛው ቦይለር 1500 ዋት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነበት እስከ 60 ለመድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ይበራል። ባለ 2000 ዋት ያለው ሰው አንድ ሰዓት ከሃያ ይበቃዋል። ረመዷን ሲገባ ለሱሁር (ከጾም በፊት ለሚበላው) ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ለብቻው አውጡት፤ ምጣዱ ብቻውን 3500 ዋት ይስባል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከተነሱ አምፔሩ 22 አለፈ ማለት ነው፣ ብዙ ቤት ብሬከሩ ይወርዳል። እማዬ ስለ አፑ ስነግራት «ሱብሂ ላይ ሙቅ ካገኘሁ ስልኩን ምን አደርገዋለሁ» አለችኝ። ትክክል ናት፣ ከተሞላ በኋላ ስልኩ አያስፈልግም።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ጋ ነው ነጥብ የምቀንሰው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ምን ይሁን የሚል ሦስት ምርጫ አለ፦ ይጥፋ፣ ይብራ፣ ወይም የነበረበት ይሁን። ፋብሪካው «ይብራ» ብሎ ነው የላከው፣ ይሄ ደግሞ ሰው ገጠር ለለቅሶ ሄዶ ቤቱ ባዶ ሲሆን እንኳ ቦይለሩን ያበራል ማለት ነው። «የነበረበት ይሁን» አድርጉትና ከበራ ከ3 ሰዓት በኋላ ራሱ እንዲያጠፋ እዘዙት። ያላስደሰተኝ ግን ውስጡ የሰዓት ባትሪ የለውም። ኢንተርኔት ቢጠፋ ፕሮግራሙ ውስጡ ስላለ ይሠራል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔትም ከሌለ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፣ ፕሮግራሙም ዝም ይላል። ያን ሌሊት በእጅ መጫን ነው። አንዲት ክብ ባትሪ ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?

ውሃ ሲጠፋም አንድ ነገር ልብ በሉ። ደህና ቦይለር ውሃ ቢቋረጥ ታንከሩ ሞልቶ ይቆያል፣ ምክንያቱም ሙቁ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከሥር ሲገፋው ነው። ውሃው ተመልሶ እንዳይሄድ የሚይዘው ቫልቭ ካረጀ ግን ታንከሩ ወደ ኋላ ሊራቆት ይችላል፣ ባዶውን የበራ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ደግሞ ይቃጠላል። ሮቶ የሌላችሁ ውሃ ሲጠፋ አፑ ላይ «ጉዞ» የሚለውን ተጫኑት፣ ፕሮግራሙን ሁሉ ያቆመዋል።

ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ሻወር ቤቱ ከራውተሩ ሁለት ወፍራም ግድግዳ ከራቀ መጀመሪያ ስልካችሁን እዚያ ወስዳችሁ ሲግናሉን እዩ።

ፈጣን የሚባለው፣ ታንከር የሌለው የሻወር ማሞቂያ ያላችሁ ግን አትግዙት። ብዙዎቹ 5000 ዋት ያልፋሉ፣ 20 አምፔር አይችለውም፣ ያ ዓይነት ደግሞ ውሃ ሲከፈት ብቻ ስለሚያሞቅ ፕሮግራም ምኑም አይደለም።