የአምስት ደቂቃው የፂም ቀለም፦ ይሠራል፣ ጣጣው ሌላ ነው

በአጭሩ ልናገር። ቀለሙ ይሠራል። ሽበት ይሸፍናል፣ ቶሎ ይይዛል፣ በአንድ እጥበትም አይለቅም። ከፂም ቀለም ይህን ብቻ የሚፈልግ ሰው እዚሁ ላይ ንባቡን ሊያቆም ይችላል። እኔ ግን የምለው ገና አላለቀም።

ሃምሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ። የራስ ፀጉሬ ገብስማ ነው፤ እሱ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። ያስቸገረኝ ፂሜ ነው። የጉንጬ ጥቁር እንደሆነ ቀርቶ የአገጬ ብቻውን ነጣ። ወተት ጠጥቶ አፉን ያልጠረገ ሰው መሰልኩ። በዚህ ላይ አዲስ ሥራ ገባሁ፤ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ የልጆቼ እኩያ ናቸው። ስብሰባ ላይ ወንበር ጠፍቶ ዳር ቆሜ ሳለ አንዱ ልጅ ብድግ አለና «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለኝ። አክብሮት ነው፤ ልጁ ምንም አላጠፋም። አመስግኜ ተቀመጥኩ። ቀለሙን የገዛሁት ግን በዚያው ሳምንት ነው።

የምርቱን ስም አልጠራም። ለወንዶች ተብለው የሚሸጡት «የአምስት ደቂቃ» ቀለሞች ውስጣቸው በጣም ይቀራረባል። ካርቶኑ ላይ አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ አለ። ሽበት አይቶ የማያውቅ ልጅ የሽበት ቀለም ሲያስተዋውቅ ሁሌም ይገርመኛል። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ቱቦ፣ አንድ ብሩሽ፣ ማደባለቂያ ሳህን፣ ሲነኩት የሚቀደድ ጓንት እና መመሪያ አለ።

መመሪያውን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህን ዕቃ የሚገዛው የስንት ዓመት ሰው እንደሆነ አምራቹ ጠፍቶት ነው? ከአርባዎቹ አጋማሽ በኋላ የአብዛኛው ሰው ዓይን ቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ይቸግረዋል። እነሱ ደግሞ መነጽር አድርጌም በማልለየው ፊደል ጽፈውታል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ያም ሆኖ መመሪያውን ሳታነቡ እንዳትጥሉት። ከካርቶኑ ሁሉ ዋናው ነገር እሱ ነው።

አንደኛው ቱቦ ውስጥ ያለው ለቀለሙ መሥሪያ የሚሆነው ክሬም ነው፣ ሁለተኛው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ሳይደባለቁ በፊት ጥቁር የሚባል ነገር አይታይም፤ «ተሳስተው ሌላ ነገር አሽገውብኝ ነው?» ያሰኛል። ሲደባለቁ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ፀጉሩ ውስጥ ይሰርጋሉ፣ እዚያው በፐርኦክሳይዱ አማካይነት እርስ በርስ ተጣምረው ይተልቃሉ፣ መውጫም ያጣሉ። በውሃ የማይለቀው ለዚህ ነው። ዘዴው የዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤውዤን ሹለር የራሱን የፀጉር ቀለም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በ1909 ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሎሪያል ይባላል። አሁንም ድረስ ጠቆር ያሉት ቋሚ ቀለሞች በአብዛኛው የሚሠሩት ፒፒዲ በሚባለው ኬሚካል ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው።

ይህን ፒፒዲ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይቀባዋል፣ ምንም አይሆንም። ያልተስማማው ሰው ግን ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ውሃ ይቋጥራል። ፊቱ አብጦ ዓይኑ የሚከደንበትም አለ። «ከዚህ በፊት ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ አለርጂው ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። «ጥቁር ሂና» በሚባለው ጊዜያዊ ንቅሳት ቆዳው የተቆጣበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። እዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ይኸው ፒፒዲ ነው። የእውነተኛ ሂና ቀለም ወደ ቀይ ያደላል። ካርቶኑ ላይ «ሂና» እና «ድቅድቅ ጥቁር» አንድ ላይ ተጽፈው ካያችሁ ገልብጣችሁ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር እዩ።

ስለዚህ መመሪያው ትንሽ ቀለም ክርናችሁ ውስጥ በኩል ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ ይላል። «የአምስት ደቂቃ» ብዬ የገዛሁት ዕቃ ሁለት ቀን አስጠበቀኝ። ጠበቅኩ። ምንም አልሆንኩም።

አቀባቡ ቀላል ነው። ከሁለቱም ቱቦ እኩል ታወጣላችሁ፣ ትደባልቃላችሁ፣ ሽበቱ ከበዛበት ጀምራችሁ ትቀባላችሁ። ፀጉሩ እንጂ ቆዳው ባይነካ ይመረጣል፤ ፂም ላይ ግን ይህ ምኞት ነው። ከመጀመሬ በፊት በፂሜ ዳር ዳር፣ ጉንጬና አንገቴ ላይ ቫዝሊን ቀባሁ። ይህን ዘዴ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። በጣም ረድቶኛል። ጓንቱ የተቀደደበት ጣቴ ላይ ያለው ጥፍር ግን ለቀናት ጥቁር ሆኖ ሰነበተ። ቅንድብና ሽፋሽፍት በዚህ ቀለም አይሞከርም። ለዓይን አደገኛ ነው፤ «ትንሽ ተርፎኛልና» ብላችሁ እንዳታስቡት።

ከታጠብኩ በኋላ መስታወት አየሁ። ጥቁር ነው። በጣም ጥቁር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ፂምህ ካንተ ቀድሞ ነው የሚገባው» አለችኝ።

የቀለሙ ዋና ችግር ይህ ነው። የተፈጥሮ ፀጉር አንድ ዓይነት ቀለም ኖሮት አያውቅም። ጥቁር የምንለው ፂም እንኳ ውስጡ ቡናማ አለው፣ ቀላ ያለም አለው። ከካርቶን የወጣው ጥቁር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ራሴ ገብስማ፣ ፂሜ ድቅድቅ። ሲያዩኝ ፂሙ የሌላ ሰው ይመስላል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ከዓይኔ ሥር ያለው መስመርና ከአፍንጫዬ ወደ አፌ የሚወርደው ሽብሽብ ጎልቶ መታየቱ ነው። ነጩ ፂም አለስልሶት ነበር። ጥቁሩ ከበበውና አጋለጠው። ወጣት ልምሰል ብዬ የተቀባሁት ቀለም የደከመ ሰው አስመሰለኝ።

ሁለተኛው ችግር እድገቱ ነው። ፂም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሳምንት ሳይሞላ ሥር ሥሩ ላይ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ሙሉ ሽበት ሰው አያየውም፤ ይህችን ቀጭን መስመር ግን ሁሉም ያያታል። ስለዚህ ወይ እንደገና ትቀባላችሁ ወይ ትላጫላችሁ። ካርቶኑ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን ወርሃዊ ግዴታ ነው።

ለዚህ መፍትሔ አግኝቻለሁ። ከተፈጥሮ ቀለማችሁ አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን ግዙ። ጥቁር የነበረ ሰው ጠቆር ያለ ቡናማ ይግዛ። መሃል መሃሉን ብቻ ቀቡ፣ ዳር ዳሩን ሽበቱን ተዉት። ደቂቃውንም ቀንሱት። እኔ እንዲህ ሳደርግ ባለቤቴ ምንም አላለችም። ከእሷ ዝምታ የተሻለ ምስክርነት የለም።

ስለ እሷ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ቀለም የገዛሁ ዕለት በጣም ሳቀችብኝ። እሷ ከሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ጀምሮ ነው የምትቀባው፤ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። «አንተ ስትሸብት ግርማ ሞገስ ነው፣ እኔ ስሸብት ‹ምነው ራስሽን ጣልሽ› ነው» አለችኝ። ልከራከራት ፈልጌ የምለው አጣሁ። እውነቷን ነው። እኔ አንድ ጊዜ «አባባ» ተብዬ ካርቶን ገዛሁ፤ እሷ ይህን ስትሸከም ዘመኗን ፈጀች። ካናዳዊቷ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ሊሳ ላፍላም እ.ኤ.አ. በ2020 ፀጉሯን መቀባት አቁማ በሽበቷ መቅረብ ጀመረች። በ2022 ከ35 ዓመት አገልግሎት በኋላ ውሏ ሲቋረጥ ጣቢያው የንግድ ውሳኔ ነው አለ፤ ሕዝቡ ግን «በሽበቷ ነው» ብሎ ለሳምንታት ተከራከረ። እውነቱ የቱም ይሁን፣ ስለ ወንድ አቅራቢ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሽበትን «ከሥሩ የሚመልስ» ቅባትና ኪኒን የሚያስተዋውቁትን በተመለከተ አጭር ቃል። ፀጉር የሚሸብተው ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሲመናመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከባድ ጭንቀት የአይጦችን የቀለም ሕዋስ ምንጭ እንደሚያሟጥጥ አሳይቷል። ነገሩ የሚፈጸመው ከቆዳ ሥር ነው። ከላይ የሚቀባ ዘይት ያበራል፣ ያለሰልሳል፤ ወጥቶ የነጣን ፀጉር አያጠቁርም። ሽበት መንቀልም አይጠቅምም። አንዱን ብትነቅሉ ሰባት ያበቅላል የሚባለው ውሸት ነው፤ ከዚያው ጉድጓድ ያው አንድ ሽበት ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ስላልተጠበቀው ነገር። ቀለሙን ስገዛ ባለቤቴ አጠገቡ የነበረውን የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ማለትም ሰንስክሪን፣ አብራ ከተተችው። እኔ «ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ምን ያደርግልኛል» ባይ ነበርኩ። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው የሚከላከለው ነገር አለው፤ ሳይንቲስቶች በኤስፒኤፍ፣ ማለትም ከሚያቃጥል ጨረር የመከላከል አቅም በሚለካበት ቁጥር፣ ለክተውት 13 ገደማ ብለዋል። ነገር ግን ማድያቱንና ጠባሳው ጠቁሮ መቅረቱን አያስቀረውም። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ይከለክላል፣ 50 ደግሞ 98ቱን። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ከቁጥሩ ይልቅ በብዛት መቀባቱ ይበልጣል። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይቀባል።

ሹፌሮች ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የነበረው የፊቱ ግማሽ በጥልቅ ተሸብሽቧል፤ ሌላው ግማሽ በብዙ ዓመት ያነሰ ይመስላል። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም የሚያሸበሽበውን ያሳልፋል። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ በመኪና ስሄድ ሳልቀባ አልወጣም።

ሰንስክሪኑም እንከን አለው። የመጀመሪያው ዚንክ የበዛበት ነበር። ፊቴን አመድ አስመሰለው፣ ፂሜ ውስጥም ገብቶ ተጣበቀ። አጥቁሬ የጨረስኩትን አገጭ መልሶ አነጣው! አሁን ቡናማ ቀለም የተጨመረበትን ነው የምቀባው። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ሲሆን ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንሳል። ወራት ካለፉ በኋላ ግንባሬ ላይ የነበረው ጥቁረት ፈካ አለ። ሥራ ቦታ «ዛሬ ደህና እንቅልፍ ተኝተሃል መሰለኝ» ያለኝ ሰው ያየው ፊቴን ነው። ፂሜን ያነሳ የለም።

ለፂም ቀለሙ ከአስር ስድስት እሰጠዋለሁ። ያለውን ያደርጋል። የቀነስኩለት ለጓንቱ፣ ለፊደሉ መጠን፣ እና ለ«ተፈጥሯዊ ጥቁር» የሚለው ስሙ ነው። ጓንት ለብቻው ግዙ። ደባልቃችሁ የተረፋችሁን አታስቀምጡ፤ ሥራው ያልቃል፣ የተከደነ ዕቃ ውስጥ ከሆነም አየር ቋጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ አሁን ትልቅ ጉዳይ ሲኖረኝ ብቻ ነው የምቀባው። ሰንስክሪኑ ግን የየቀን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ልጁን ሊድር ነውና «ልግዛ ወይ?» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ግዛ አልኩት። ቡናማውን። ሰርጉ ቅዳሜ ስለሆነ ረቡዕ ክርንህ ላይ ሞክረው፣ ዓርብ ማታ ተቀባ፣ ፎቶ አንሺው ቀርቦ እንዳያነሳህ ብቻ ንገረው።