የድሮ ስፖርት መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር፦ የቴስላ፣ የሊፍ ወይስ አዲስ ሞተር?

የድሮ ስፖርት መኪናውን በገዛ እጁ ወደ ኤሌክትሪክ ሊቀይር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሜትር ያዙና ለኩ እላለሁ። ሞተሩ የት ይቀመጣል? የድሮው ካምቢዮ ይቆያል ወይስ ይወጣል? እነዚህን ከመለሳችሁ ምርጫው ግማሽ ያህል አልቋል።

ከቴስላ እንጀምር፤ የሁሉም ልብ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ከተጋጨ ሞዴል ኤስ የሚወጣው የኋላ ሞተር ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረውን)፣ ማርሹንና ዲፈረንሻሉን በአንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የድሮው ካምቢዮ ይወጣል። እንደ ፖርሽ 914 ሞተራቸው ከሾፌሩ ጀርባ ለሆነ መኪኖች ይመቻል። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ላይ፣ ለምሳሌ በመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ግን፣ የኋላውን አካል መቁረጥና መበየድ ይመጣል።

ክብደቱም አለ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 350 ቮልት አካባቢ ሲያገኝ ነው። ይህን ከራሱ ከ85 ኪሎዋት-ሰዓቱ የሞዴል ኤስ ባትሪ ካወጣችሁ 16ቱም ሞጁሎች፣ ማለትም ባትሪው የተከፋፈለባቸው ክፍሎች፣ ሊጫኑ ነው። እያንዳንዱ 25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አንድ ቶን በማይሞላ መኪና ላይ 400 ኪሎ! ያን መኪና የወደዳችሁት ቀላል ስለሆነ አልነበር? በዚያ ላይ ያገለገለውን ትልቁን ሞተር ስትገዙ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሰርጎ እንደሆነ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። የታወቀ በሽታው ነው።

የኒሳን ሊፍ ሞተር እንደ ቴስላው አይወራለትም። የመጀመሪያው ትውልድ 80 ኪሎዋት ብቻ ነው። ግን በፈረንጆቹ 2011 ላይ የነበረው ሞዴል ገና ከመነሻው 280 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ይሰጣል። የኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር የሚሰጠው 135 አካባቢ ነበር፤ እሱም በደንብ ከጮኸ በኋላ። እንዲያውም እዚህ የሚያሰጋው ጉልበት ማነሱ ሳይሆን ለድሮው ካምቢዮ መብዛቱ ነው። ኢንቨርተሩ ላይ ጉልበቱን ገደብ አድርጉበት፤ በሁለተኛ ማርሽ መነሳትም ትችላላችሁ።

ባትሪውም ለስፖርት መኪና ያደላል። የ24 ኪሎዋት-ሰዓቱ ባትሪ 48 ሞጁሎች አሉት፤ አንዱ 4 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ አከፋፍላችሁ ሚዛኑን መጠበቅ ይቻላል። ፈሳሽ ማቀዝቀዣም የለውም። ይህ ሥራ ያቀላል፣ ግን ባትሪው በሙቀት ቶሎ የሚደክመውም ለዚሁ ነው። ሊፉን ሳይፈታ ካገኛችሁት ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን አቅም የሚያሳዩትን መስመሮች ቁጠሩ። አዲስ ሳለ 12 ነበሩ።

ሦስተኛው አዲሱ ነው፤ ከእነ መቆጣጠሪያው የሚሸጥ፣ ለምሳሌ የኔትጌይን ሃይፐር 9። መደበኛው በ100 ቮልት አካባቢ ይሠራል። አምስት የቴስላ ሞጁሎች በተከታታይ ሲያያዙ 114 ቮልት ስለሚሆኑ ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ 26 ኪሎዋት-ሰዓት በ125 ኪሎ። ቮልቴጁ ዝቅ ስላለ ሽቦው ከመወፈሩ በቀር ለጀማሪ የሚቀለው ይሄ ነው። የሊፍም ሆነ የቴስላ ኢንቨርተር ከመኪናው ሲለይ በራሱ አይታዘዝም፤ የቁጥጥር ቦርዱን መለወጥ፣ ወይም አሁንም መኪናው ውስጥ እንዳለ አስመስሎ ማታለል ይጠይቃል። የሃይፐር ጉድለቱ ፈጣን ቻርጅ አለመቀበሉ ነው፤ ቮልቴጁ ለዚያ ያንሳል። 100 ቮልትም ቢሆን ይገድላል፤ ያለ መከላከያ ጓንት እንዳትነኩት።

ብሩሽ ያለው የድሮ ዲሲ ሞተር ርካሽ ነው ብለው ሊያግባቧችሁ ይችላሉ። ፍሬን ስትይዙ ኃይል አይመልስም፣ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ደግሞ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ሊቀር ይችላል። እኔ አልገዛውም።

የእኔን ከጠየቃችሁ፣ ሞተሩ ከፊት ለሆነ ቀላል መኪና ሊፍ። መጀመሪያችሁ ከሆነና የኤሌክትሮኒክስ ነገር የሚያስፈራችሁ ከሆነ ሃይፐር። ሁለቱም ከድሮው ካምቢዮ ጋር በማገናኛ ሳህን ነው የሚጋጠሙት። ሳህኑን ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ይሥራው፤ ትንሽ ከመሀል ከሳተ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የፍሬን አጋዡ ቫኪዩም ከነዳጅ ሞተሩ ይመጣ እንደነበርም አትርሱ። የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ ካልገጠማችሁ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃችኋል።